ቱፔሎ፣ ሣሩ ላይ

ትናንት የእረፍት ቀኔ ነበር። ከሜምፊስ ተነስቼ በራሴ መኪና ቱፔሎ፣ ሚሲሲፒ ሄድኩ። በዚያ በኩል ጭነት ይዤ ስንቴ አልፌያለሁ። ግን ናቼዝ ትሬስ በሚባለው መንገድ የጭነት መኪና ክልክል ነው፤ እስከ ትናንት ገብቼበት አላውቅም ነበር። ባለቤቴ "ሣር ለማየት ነው ይሄን ሁሉ የምትነዳው?" ብላ ሳቀችብኝ።

እውነቷን ነው፣ ያለው ሣር ነው። መንገዱ ዳር ያለ፣ ድሮ ቺካሳው የሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ መንደር የነበረበት ሜዳ ነው። የቤቶቹ መሠረት መሬቱ ላይ በመስመር ተለይቷል። የብርዱ ወራት ቤታቸው ክብ ነው። የሙቀቱ ረዘም ያለ ነው። ክቡ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። ጎጆ ቤት ያደገ ሰው መቼም ሳያውቀው ምሰሶ ይፈልጋል፤ እኔም በዓይኔ ፈለግኩ። ከዚያ ያነበብኩት ነገር ትዝ አለኝ። ቺካሳዎች የሞቱባቸውን ሰዎች የሚቀብሩት ከቤታቸው ወለል ስር ነበር። እግሬ ራሱ ከክቡ አወጣኝ።

እኛ አገራችንን ስንጠራ "እትብቴ የተቀበረበት" እንላለን። እነሱ ግን እናትና አባታቸውን አፈር አልብሰው፣ እዚያው በላያቸው ላይ ይተኙ፣ ያበስሉ፣ ልጅ ያሳድጉ ነበር። እንዲህ ያለ ቤት እንዴት ይሸጣል?

በጦርነት አልተነጠቁም። ይሄ ነው ከሁሉ የሚገርመኝ። በ1541 ስፔናዊው ወራሪ ዴ ሶቶ የብርዱን ወራት መሬታቸው ላይ ተቀምጦ ከረመና፣ ሊሄድ ሲል ዕቃ የሚሸከሙ 200 ሰዎች ስጡኝ አላቸው። ሌሊት መጥተው ሰፈሩን አነደዱበት። ፈረሱም አሳማውም ተቃጠለ። በ1736 ፈረንሳዮች ከሁለት አቅጣጫ መጡባቸው፤ ሁለቱንም መለሷቸው።

ያልቻሉት ወረቀቱን ነው። በ1818 አንድሩ ጃክሰንና አይዛክ ሼልቢ በአሜሪካ መንግሥት ስም መጥተው የምዕራብ ቴነሲንና የኬንታኪን መሬታቸውን አስፈረሟቸው። ዋጋው በ15 ዓመት ተከፍሎ የሚያልቅ 300,000 ዶላር። በዓመቱ ሜምፊስ ተቆረቆረች። ከቆርቋሪዎቹ አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ ጃክሰን! አዋዋዩም እሱ፣ ባለመሬቱም እሱ። እኔ ዛሬ ኪራይ የምከፍልበት ቤት ያለው እዚያ መሬት ላይ ነው።

የቀረው መሬት ደግሞ በ1832 ሚሲሲፒ ውስጥ ፖንቶቶክ በሚባል ቦታ በተፈረመ ውል ሄደ፤ ከ6 ሚሊዮን ኤከር በላይ። ሌቪ ኮልበርት የተባለው መሪያቸው ከሌሎቹ ጋር ሆኖ የተቃውሞ አቤቱታ ጻፈ። ለማን? ለፕሬዚዳንቱ። ፕሬዚዳንቱ ማን ነው? ያው ጃክሰን። እዚህ ላይ ስደርስ ስልኬን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

በውሉ መሠረት መሬቱ ሲሸጥ የቅየሳውና የሽያጩ ወጪ ከገንዘባቸው ላይ ተቀነሰ። የስደታቸውንም ወጪ ራሳቸው ቻሉ። ሰው ከቤቱ ተባርሮ የታክሲውን ሂሳብ እሱው ሲከፍል አስቡት። የሚያርፉበትንም መሬት በ1837 ቾክታው ከሚባለው ሌላ ነባር ሕዝብ ላይ በ530,000 ዶላር ገዙ፤ ኦክላሆማ ውስጥ። በዚያው ዓመት ጉዞው ተጀመረ። ሚሲሲፒ ወንዝን የተሻገሩት እዚሁ ሜምፊስ ላይ ነው። አዲሱ አገር ሲደርሱ ፈንጣጣ ጠበቃቸው።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ ብሎኛል። ሲሄዱ ከ1,000 በላይ ጥቁር ባሪያዎቻቸውንም ይዘው ነው የሄዱት። እነዚያም ከቀያቸው ተነቅለዋል፤ ወረቀት ላይ ፈርሙ ያላቸው እንኳ የለም። በኋላ ነጻ ሲወጡም የቺካሳው መንግሥት ዜግነት አልሰጣቸውም። እዚህ አገር እኔም ጥቁር ነኝና ይሄን ዘልዬ ማዘን አልቻልኩም።

ወደ ቤት ስመለስ የመንገድ ምልክቶቹን እያነበብኩ ነዳሁ። ፖንቶቶክ የቺካሳው ቃል ነው። ቲሾሚንጎ የአንድ መሪያቸው ስም ነው፤ ዛሬ እዚያው ሚሲሲፒ ውስጥ አውራጃ ተሰይሞበታል። ሰውዬው ግን ሽማግሌ ሆኖ ተነስቶ፣ ስደት ላይ ነው የሞተው። ስሙ ቀረ፣ እሱ ሄደ።

ማታ ባለቤቴ ቡና እያፈላች "እሺ፣ ሣሩ እንዴት ነበር?" አለችኝ። ስለ ወለሉ ነገርኳት። ያ ሁሉ አጥንትስ የት ደረሰ አለች። ከፊሉ ተቆፍሮ ወጥቶ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ በመንግሥት መጋዘን ስንት ዓመት ተቀመጠ። በ2021 የክፍለ ግዛቱ መንግሥት የ403 ሰዎችን አጽም ለቺካሳዎች አስረከበ። አጽሙ የተጓዘው በጎ ፈቃደኞች በእጃቸው በሰፉት የአቡጀዲ ከረጢት ነው።

"በአቡጀዲ?" አለች፣ ጀበናውን እንደያዘች።

"በአቡጀዲ።"

ከዚያ በኋላ ስለ ሣሩ አልቀለደችም።