እንሶስላ

ልጄ 4 ዓመቷ ነው። ዛሬ ደም ልናስመረምር ስንሄድ ከአዘዞ ፒያሳ እስክንደርስ ባጃጅ ውስጥ ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነበር፤ «ያማል?»

እናቴ «አያምም በያት» ብላኝ ነበር። አልቻልኩም። እኔን በልጅነቴ «ከረሜላ ልንገዛ ነው» ብለው ነው መርፌ ያስወጉኝ። እስካሁን ቂሙ አለ። ያውም ከረሜላውን ሳይገዙልኝ!

«ትንሽ ይወጋሻል፣ ቶሎ ያልቃል። አቅፌሽ ነው የምቀመጠው» አልኳት።

ተራችን ሲደርስ እጇን ከጀርባዋ ደበቀች። ደም የምትቀዳው ልጅ አልጎተተቻትም። ጣቶቿን አየት አድርጋ «ውይ፣ እንሶስላሽ ሲያምር! ማን አሞቀሽ?» አለቻት።

እጇ ቀስ ብሎ ወጣ። አያቷ ሥሩን እንደወቀጠች፣ በጉሎ ቅጠል ጠቅልላ እንዳሰረቻት፣ እንደታሰረች ተኝታ እንዳደረች... ወሬው እንደደራ ላስቲኩ ክንዷ ላይ ታሰረ። መርፌው ሲገባ አንገቴ ሥር ተወሸቀች። አለቀሰች፣ አዎ። እጇን ግን አልነጠቀችም። ለካ ልጅ ከመርፌው ይልቅ መታለሉን ነው የሚፈራው።

ከዚያ ብልቃጡን አየችና፣ እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ፦

«ይሄን ደግሞ ማንን ልትቀቢበት ነው?»