«ትልቅ ትንፋሽ ውሰጂ» ሲሉኝ ለምን ይብስብኝ ነበር?

ዮጋ ሲባል እግርን አንገት ላይ መጠምጠም የሚመስለው ሰው በእኔ ቅር ሊሰኝ ይችላል። የምሠራው አብዛኛው ነገር ተኝቶ ወይም ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ነው። እጅ ከትንፋሽ ጋር ይነሳል፣ ከትንፋሽ ጋር ይወርዳል። በቃ። በራችን ክፍት ሆኖ መንገደኛ ቢያየኝ ሥራ ፈት ነው የምመስለው።

ወደዚህ የገባሁት አባቴን አስታምሜ ከቀበርኩ በኋላ ነው። ለቅሶው እያለ ደህና ነበርኩ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ቡና ይፈላል። ድንኳኑ ተነሥቶ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲሄድ ግን ደረቴን ይጨንቀኝ ጀመር። ሌሊት ልቤ እየመታ እነቃለሁ። ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። እሞታለሁ ብዬ ባለቤቴን የቀሰቀስኩበት ሌሊት አለ።

በመጀመሪያ የሄድኩት ሐኪም ዘንድ ነው። ደረቱን የሚጨንቀው ሰው ሁሉ ከዚያ ይጀምር፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ልቤ በኢሲጂ ታየ፤ ደም ማነስና የእንቅርት ሆርሞንም ተመረመርኩ። ሁሉም ደህና ሆነ። «ጭንቀት ነው፤ ካልተሻለሽ ተመለሺ» ተባልኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ድሬ ላይ ደግሞ ምክር በነፃ ነው። ጎረቤቱም፣ የመሥሪያ ቤት ልጁም፣ የባጃጅ ሾፌሩም ሳይቀር «አቦ! ትልቅ ትንፋሽ ውሰጂና ተረጋጊ» ይለኛል። እወስዳለሁ። ይብስብኛል። ደግሜ እወስዳለሁ፤ ጭራሽ ራሴን ያዞረኛል።

ምክንያቱን የነገረችኝ ካናዳ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት። ጀርባዋን ሲያማት ለዓመታት ዮጋ ተምራለች። ሰው ሲጨነቅ ብዙውን ጊዜ ሰውነቱ ከሚፈልገው በላይ ነው የሚተነፍሰው። ቶሎ ቶሎ፣ በደረት ብቻ። ያኔ ከደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ይወጣል። ራስ ይቀላል፣ ጣትና ከንፈር ይነዝራል፣ ደረት ይጠብባል። ሰውየው አየር ያነሰው ይመስለዋል። ስለዚህ የበለጠ ይስባል። እኔን «ትልቅ ትንፋሽ ውሰጂ» ማለት እሳት ላይ ጋዝ ጨምሪ እንደማለት ነበር።

«መሳቡን ለጊዜው እርሺው» አለችኝ። «ማስወጣቱን አርዝሚ። መግባቱ ራሱ ይመጣል።»

እሷ የተማረችው ዮጋ ክሪሽናማቻሪያ ከሚባሉ ህንዳዊ መምህር የመጣ ነው። እኚህ ሰው ከ1888 እስከ 1989 እ.ኤ.አ. ኖረዋል፤ መቶ ዓመት አልፏቸዋል ማለት ነው። ልጃቸው ዴሲካቻር ደግሞ ዛሬ ቼናይ በምትባለው ማድራስ ይህንኑ አስፋፍተው አስተማሩ። መሠረታዊ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ልምምዱ ለሰውየው በልኩ ይሰፋለታል፣ ሐረር መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ቆመን እንደምናሰፋው ልብስ። ለወጣት ሌላ፣ ጉልበቷን ለሚያማት እናት ሌላ። ሁለተኛው ነገር ትንፋሽ ቀድሞ ይጀምራል፣ እንቅስቃሴው ይከተለዋል። እጄ ገና ሳይነሳ ትንፋሹ መግባት ይጀምራል፤ እጄ ከቆመ በኋላም ጥቂት ይቆያል። ቀላል ይመስላል። ሞክሩትና እዩት፤ አእምሮ ሌላ ነገር የሚያስብበት ቦታ አያገኝም።

ጠዋት ነው የምሠራው፣ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ በተለይ ግንቦትና ሰኔ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ትንፋሽ ለመቁጠር ትዕግሥት ያለው ሰው አላውቅም። ግቢ ውስጥ ሰሌን አነጥፋለሁ። ልዩ ልብስ አልገዛሁም፤ ድሪያ ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለው።

መጀመሪያ በጀርባዬ እተኛለሁ፣ ጉልበቴን አጥፌ። አንዱን እጄን ሆዴ ላይ አደርጋለሁ። ትንፋሽ በአፍንጫ ሲገባ ሆዴ ይነሳል፣ ሲወጣ ይወርዳል። መጀመሪያ ላይ ሆዴ እምቢ ብሎኝ ነበር። እንደ ብዙዎቻችን ሆዴን ወደ ውስጥ ይዤ መኖር ለምጄ ነበርና። ከዚያ ቁጥር ይመጣል። በአራት አስገባለሁ፣ በስድስት አስወጣለሁ። ስድስት ካስጨነቀ አምስት ይበቃል። ቀጥሎ ትንፋሽ ሲገባ ክንዶቼን ወደ ላይ፣ ሲወጣ ወደ ታች። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ትንፋሽ እያወጣሁ ወደ ጉልበቴ ማጎንበስ፤ እያስገባሁ ቀና ማለት። መጨረሻ ላይ ዝም ብሎ መተኛት አለ፤ እሱን የሚዘሉት ብዙ ናቸው፣ እኔ ግን ከሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ለምን እንደሚሠራ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ደስ ይላል። ትንፋሽ ሲገባ ልብ በጥቂቱ ይፈጥናል፤ ሲወጣ ይዘገያል። ይህ በሁላችንም ላይ አለ። ከአንጎል ተነሥቶ ልብን፣ ሳንባንና ሆድን የሚያገኝ ቫገስ የሚባል ነርቭ ነው ልብን «ቀስ በል» የሚለው። ጤነኛ አዋቂ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። በአራትና በስድስት ሰከንድ ስንቆጥር ወደ 6 ይወርዳል። ማስወጣቱ ሲረዝም ልብ የሚዘገይበት ጊዜም ይረዝማል።

ለእኛ አገር ሙቀት የተፈጠረ የሚመስል አንድ አተነፋፈስም አለ፤ ሺታሊ ይባላል። ምላስን እንደ ቱቦ ጠቅልሎ አየርን በእሱ በኩል መሳብ፣ ከዚያ አፍ ዘግቶ በአፍንጫ ማስወጣት። አየሩ እርጥብ ምላስ ላይ ሲያልፍ አፍን ያቀዘቅዛል። ምላሱን መጠቅለል የማይችል ሰው አለ፤ ባለቤቴ ከነዚያ ነው። እሱ ጥርሱን ገጥሞ በመሃል ይስባል። መብራት ጠፍቶ ቬንቲሌተር ሲቆም ሁለታችንም አልጋ ላይ ፉት ፉት ስንል ያየን ሰው ምን እንደሚለን እንጃ። አቧራ በሚነሳበት ቀን ግን አላደርገውም፤ አፍ እንደ አፍንጫ አያጣራም።

ጎረቤቴ ዘግይታ ነው የገባችበት። በዕድሜ እናቴ ትሆናለች፤ እማዬ ነው የምላት። በአፍንጫዬ እንደ ንብ እምምም ስል በግድግዳ ሰምታ መጣች። «አቦ ምን ሆነሽ ነው? አሞሻል እንዴ?» ያ አተነፋፈስ ብራማሪ ይባላል። ድምፅ እያሰሙ ማስወጣት ሳያስቡት ትንፋሹን ያረዝመዋል፤ መቁጠር የሚያስጠላው ሰው በዚህ ይጀምር። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሃይማኖት ይነካ እንደሆነ ነው። እሷ ሙስሊም ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ። ዮጋ ህንድ ውስጥ ከሃይማኖት ጋር አብሮ ያደገ መሆኑን አልደበቅኳትም። እኔ የምወስደው ትንፋሹንና እንቅስቃሴውን ነው፤ ማንትራ የሚባለውን የሚደጋገም የጸሎት ቃል አልልም። ለንስሐ አባቴም ነግሬያለሁ። እሷ ከሱብሂ ሰላት በኋላ ትመጣለች፣ ወንበሯን ይዛ፣ ጉልበቷ ስለማይፈቅድ። ሌላውን ሁሉ ትዘላለች፤ እምምም የሚለውን ብቻ ነው የምትፈልገው።

ለወንድሜ ግን አልሠራለትም። ከሰዓት በርጫ ላይ ውሎ፣ ማታ እንቅልፍ ሲያጣ «ያንቺን ነገር አሳዪኝ» ይላል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብን የሚያስሮጥ ነገር ነው። አንዱ እያስሮጠ ሌላው ያቁም ማለት ነው። አሳየሁት፤ በሦስተኛው ትንፋሽ ስልኩን አነሣ። እኔም ቡናዬን አልተውኩም፣ ከምሳ በኋላ ብቻ አልጠጣም።

ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። ትንፋሽን አፍኖ ማቆየት ለእርጉዝና ለደም ግፊት ሕመምተኛ አይሆንም። ሆድን እያርገበገቡ በኃይል የሚተነፈሰው ዓይነት ደግሞ ለተጨነቀ ሰው አይመከርም፤ እኔን ወደ ጀመርኩበት ማዞር መለሰኝ። ራስ ሲዞር ቁጥሩን ትቶ እንደ ልማዱ መተንፈስ ነው። ዐይን መጨፈን የሚያስፈራውም ሰው አለ፤ ከሐዘን በኋላ ዐይን ሲጨፈን የሚመጣውን እናውቀዋለን። ለብዙ ጊዜ ዐይኔን ገልጬ፣ ግቢው ውስጥ ያለውን የኒም ዛፍ እያየሁ ነው የሠራሁት።

ጭንቀቱ ጨርሶ አልሄደም። በአባቴ ሙት ዓመት ሰሞን ተመልሶ መጥቷል። ያኔ ወደ ሐኪሙ ተመልሼ ምክር አገልግሎት ጀመርኩ፤ ከትንፋሹ ጋር አብሮ ይሄዳል። ልዩነቱ አሁን ሌሊት ስነቃ ባለቤቴን አልቀሰቅስም። በስድስት እያስወጣሁ እቆያለሁ። አንዳንዴ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ተነሥቼ የነገውን ሊጥ አቦካለሁ።