ቀኑን ቢነግሩኝ

ዛሬ ልቤ አልቀመጥ ብሏል። አንድ መልስ እየጠበቅኩ ነው። መጠበቅ እችላለሁ፤ ድሮም ትዕግሥተኛ ነህ እባላለሁ። ግን ቀን አልሰጡኝም። «ከዚህ ቀን በኋላ ና» ቢሉኝ፣ ሩቅ እንኳ ቢሆን፣ እስከዚያ እንደ ሰው እበላና እተኛ ነበር። ቀን ከሌለው ግን ስልኬ በጮኸ ቁጥር ብድግ ነው።

አሁንም ጮኸ፣ ብድግ አልኩ። መ. የምለው ወዳጄ ነው፤ ሰላምታ የሚባል ነገር አያውቅም። የላከው ስሌት ነው። ወደ ታች ብስበው ብስበው አያልቅም። ጌታ የተወለደው በዳስ በዓል ነው፣ የሚመለሰው ደግሞ በመለከት በዓል ነው ይላል። ማስረጃው ከመጽሐፍ ቅዱስና ከአይሁድ የዘመን አቆጣጠር። መጨረሻው ላይ «አስተውል!!!» ብሎ ዘግቶታል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አውራ ጣት ልኬለት ዝም እል ነበር። ዛሬ ግን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ቀን በእጁ ያለ ሰው ሳያስቀናኝ አልቀረም።

ስሌቱ የሚነሳው ከካህኑ ከዘካርያስ ነው። ሉቃስ 1፥5 ላይ ዘካርያስ ከአብያ ክፍል ነበር ይላል። አንደኛ ዜና መዋዕል 24 ላይ ደግሞ ካህናቱ በ24 ክፍል ተመድበዋል፤ የአብያ ዕጣ ስምንተኛው ነው። እያንዳንዱ ክፍል በዓመት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሳምንት ያገለግላል። በታላላቆቹ በዓላት ሁሉም አብረው ይቆማሉ። እንግዲህ ከአይሁድ የመጀመሪያ ወር ከኒሳን ጀምራችሁ፣ የበዓላቱን ሳምንታት እየዘለላችሁ ስትቆጥሩ የአብያ ተራ በሲዋን ይወድቃል፤ በጁን ግድም። ዘካርያስ አገልግሎቱን ጨርሶ ቤቱ ይመለሳል፣ ኤልሳቤጥ ትፀንሳለች። በስድስተኛው ወር መልአኩ ወደ ማርያም ይመጣል። ይሄ ኪስሌቭ ላይ (ዲሴምበር ግድም)፣ ቤተ መቅደሱ የታደሰበት የመብራት በዓል ላይ ይደርሳል። ዘጠኝ ወር ስትጨምሩ ቲሽሪ ትገባላችሁ፤ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ግድም። የዳስ በዓል!

እውነቱን ለመናገር ያምራል። መብራቱ ሲበራ መፀነስ፣ ሕዝቡ ሁሉ ዳስ ጥሎ ሲያድር መወለድ። ውርር አደረገኝ።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ተራው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው ተባብለን የለ? ሁለተኛውን ተራ ከያዛችሁ ልደቱ ወደ ፋሲካ ሰሞን ይሄዳል። ለዚያም የሚያምር ታሪክ ይገኝለታል፤ በጎች በሚወለዱበት ወቅት የእግዚአብሔር በግ ተወለደ ትላላችሁ። ደግሞስ ተራው በየኒሳኑ እንደ አዲስ ይጀምራል ወይስ ሳያቋርጥ ይዞራል? 24 ሁለቴ 48 ሳምንት ነው። የአይሁድ ዓመት 354 ቀን ግድም፣ ማለትም 50 ሳምንት ከምናምን ነው። ተራው ካላቋረጠ ያ ትርፍ በየዓመቱ እየተንከባለለ አብያን ካለበት ያነሳዋል።

ለዚህም ስሌተኞቹ መልስ አላቸው። ቤተ መቅደሱ አብ በሚባለው የአይሁድ ወር በ9ኛው ቀን ሲፈርስ ተረኛው የዮአሪብ ክፍል፣ የመጀመሪያው፣ ነበር ይላል ታልሙድ፣ የአይሁድ ሊቃውንት ትምህርት የተሰበሰበበት መጽሐፍ። ስለዚህ ከ70 ዓ.ም. (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ወደ ኋላ በሳምንት በሳምንት መቁጠር ነው። ሰባ ዓመት በሳምንት! የቆጠሩም አሉ። አንድ ቀን ላይ ግን አልተገናኙም።

ዮሐንስ አፈወርቅ ደግሞ በ386 አንጾኪያ ላይ ሲሰብክ ከዚሁ ከዘካርያስ ተነስቶ ዲሴምበር 25 ገብቷል። ዘካርያስን ሊቀ ካህናት አደረገው፤ ዕጣን ያጠነበትን ቀን የማስተስረያ ቀን አደረገው። ከዚያ ስድስት ወር፣ ከዚያ ዘጠኝ ወር። ሉቃስ ግን ዕጣን ሊያጥን ዕጣ ደረሰው ነው ያለው፤ ሊቀ ካህናት የሚል ቃል የለበትም። አንድ ዘካርያስ፣ ሦስት ልደት።

ዓመቱንማ ተዉት። መነኩሴው ዲዮናስዮስ በ525 ለልደቱ ዓመት አንድ ቁጥር አወጣ፤ ከእሱ በፊት የእስክንድርያው አንያኖስ ሌላ ቁጥር ነበረው፤ በመካከላቸው ሰባት ስምንት ዓመት አለ። በማቴዎስ ሕፃኑን ሊገድል የፈለገው ሄሮድስ፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት እንደሚሉት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4 ሞቷል። ሉቃስ የሚጠቅሰው የቄሬኔዎስ የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ አይሁዳዊው ፍላቪየስ ዮሴፍ በጻፈው ታሪክ በ6 ዓ.ም. ነው። እዚያ ውስጥ የገባ ሰው ቶሎ አይወጣም፤ እኔም አልገባም።

ከሁሉም በላይ ይዛ ያስቀረችኝ ጨረቃ ናት። በዚያ ዘመን ወር የሚገባው በዓይን ነበር። ሁለት ሰዎች አዲሷን ጨረቃ ያያሉ፣ ወደ ሸንጎ ይሄዳሉ፣ ይመሰክራሉ። ሚሽና፣ የአይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ፣ ምርመራውን ሁሉ አስቀምጦታል። ጨረቃዋ ከፀሐይ በሰሜን ነበረች በደቡብ? ምን ያህል ከፍ ብላ? ወዴት ዘንበል ብላ? ምስክሮቹ መምጣት እንዲለምዱ ኢየሩሳሌም ውስጥ በሚሰበሰቡበት ግቢ ደህና ግብዣ ይደረግላቸው ነበር። (ያቺን ዓረፍተ ነገር ወደድኳት። ሰማይን ለማየትም ምሳ ያስፈልጋል።) የሸንጎው አለቃ የነበረው ረባን ገማልያል የጨረቃ ቅርጾች የተሳሉበት ሰሌዳ ነበረው። ተራውን ሰው እያሳየ «እንዲህ ነበረች ወይስ እንዲያ?» ይለዋል። ቃሉ ከተያዘ የሸንጎው አለቃ «ተቀደሰ» ይላል፣ ሕዝቡም «ተቀደሰ፣ ተቀደሰ» ብሎ ይቀበላል። ያኔ ወሩ ገባ። ደመና ሆኖ ማንም ካላየስ? ያለፈው ወር 30 ቀን ይሞላለታል፣ በቃ።

እዚያው አንድ ታሪክ አለ። ሁለት ሰዎች ጨረቃዋን አየን ብለው መሰከሩ። በማግስቱ ማታ ግን አልታየችም። ገማልያል ምስክርነቱን ተቀበለ። ረቢ ዶሳ «ውሸታሞች ናቸው» አለ፤ ሴት ወለደች ተብሎ ተመስክሮ በማግስቱ ሆዷ እስከ ጥርሷ ደርሶ ቢታይ ምን ይባላል? ረቢ ኢያሱም ከዶሳ ጋር ቆመ። ገማልያል ይሄን ሲሰማ ለኢያሱ መልእክት ላከበት፦ በአንተ ስሌት የማስተስረያ ቀን በሚሆነው ዕለት በትርህንና ገንዘብህን ይዘህ እኔ ዘንድ ና። አስቡት እንግዲህ። በዓመቱ ከሁሉ የተቀደሰ ብሎ በሚያምንበት ቀን እንደ ማንኛውም መንገደኛ በትሩን ይዞ መሄድ! ኢያሱ ተጨነቀ። ረቢ አቂባ አጽናናው፤ በዓላቱ እናንተ ያወጃችኋቸው ናቸው፣ በጊዜያቸውም ይሁን ያለ ጊዜያቸው፣ ከእነሱ ሌላ በዓል የለም አለው። ሄደ። ገማልያል ተነስቶ ራሱን ሳመው፤ በጥበብ መምህሬ፣ ቃሌን በመቀበልህ ደቀ መዝሙሬ አለው።

ይሄን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንግዲህ ከመቶ ትውልድ በኋላ የተቀመጠ ሰው ያንን ቀን በምን ያገኘዋል? የዛሬ ኮምፒውተር በዚያ ምሽት ጨረቃ የት እንደነበረች በደቂቃ ይነግረኛል። ሸንጎው ምን ብሎ እንዳወጀ ግን ከየት ያመጣዋል? የሚጨመረው 13ኛ ወርም እንደዚያው ነው። ገብሱ አልደረሰም፣ ጠቦቶቹ ገና ለጋ ናቸው ተብሎ 30 ቀን ይጨመራል። በ19 ዓመት ሰባቴ የሚለው የተረጋገጠ ቀመር የመጣው ኋላ ነው፤ ትውፊቱ በ358 ወይም በ359 ለአይሁድ አለቃ ለዳግማዊ ሂሌል ይሰጠዋል። መ. ግን የዛሬውን ቀመር ይዞ ቤተ ልሔም ድረስ ወደ ኋላ ይነዳዋል።

የመለከት በዓል ወዳጆች ግን ከዚሁ ከጨረቃዋ ሌላ ነገር አውጥተዋል። ከበዓላቱ ሁሉ በወር መጀመሪያ ቀን የሚውለው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ምስክር እስኪመጣ ቀኑንና ሰዓቱን የሚያውቅ የለም። ጌታ «ስለዚያች ቀንና ስለዚያች ሰዓት የሚያውቅ የለም» ሲል የመለከትን በዓል መጠቆሙ ነው ይላሉ። አያችሁልኝ? አታውቁትም የተባለውን አድራሻ አደረጉት! ተናደድኩም ሳቅኩም። ፋሲካ ላይ ተሰቀለ፣ በዓለ ሃምሳ ላይ መንፈስ ወረደ፣ የቀሩት የመከር በዓላት ናቸው የሚለው ሐሳብ ለራሱ ደስ ይላል። ዓመት ሲለጠፍበት ነው ነገር የሚበላሸው።

የጌታን መመለሻ ያሰላውን የአሜሪካዊውን ሰባኪ የዊልያም ሚለርን ተከታዮች አስቡ። ዳንኤል 8፥14 ላይ 2300 ቀን አለ። ቀኑን ዓመት አድርገው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ457 ሲነሱ 1844 ላይ ደረሱ። ቀኑ የማስተስረያ ቀን መሆን አለበት ተባለ። በረቢዎቹ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 23 ነበር። እነሱ ግን ታልሙድን የማይቀበሉትን አይሁድ፣ የቀራያውያንን መረጡ፣ ገብሱን የሚጠብቀው እሱ ነው ብለው፤ ኦክቶበር 22። ሰብላቸውን ማሳ ላይ የተዉ ገበሬዎች ነበሩ። ሲነጋ ኦክቶበር 23 ነበር። በዚያ ጠዋት ምን ተባባሉ? ማን ቀድሞ ወደ ማሳው ሄደ? ታሪክ ታላቁ ሐዘን፣ ታላቁ ቅስም መሰበር ይለዋል። እኔ የማስበው ከእነዚያ ገበሬዎች አንዱን ነው፤ እጁ መሬት ውስጥ ሆኖ ወደ ላይ አየ ይሆን?

ከዚያ በኋላማ ሰልፉ ረዘመ። የቀድሞ የናሳ መሐንዲስ ኤድጋር ዊዝናንት እስራኤል ከተመሠረተችበት ከ1948 አርባ ዓመት ቆጥሮ የ1988ን የመለከት በዓል ያዘ፤ አልሆነም፣ ለ1989 አሻሻለው። በ2014 እና በ2015 አራት የደም ጨረቃዎች (ጨረቃዋን የሚያቀሉ ሙሉ ግርዶሾች) ፋሲካና ዳስ ላይ ዋሉ ተብሎ ጉድ ተባለ። የጨረቃ ግርዶሽ ግን ሙሉ ጨረቃ ሳትሆን አይከሰትም፤ ፋሲካም ዳስም በወሩ 15ኛ ቀን፣ ሙሉ ጨረቃ ላይ ናቸው። ተገናኙ ብሎ መደንገጥ ሐምሌ ላይ ዝናብ አየሁ ብሎ እንደ መደንገጥ ነው። በ2025 ሴፕቴምበርም በመለከት በዓል ሰሞን ቲክቶክ በዚሁ ተጥለቅልቆ ነበር።

የሚገርመው አቆጣጠሩን የሰጡን አይሁድ ራሳቸው ማስላቱን መፍራታቸው ነው። ታልሙድ፣ ሳንሄድሪን ላይ፣ የፍጻሜውን ዘመን የሚያሰሉ ሰዎችን እስከ አጥንታቸው ይረግማል። ምክንያቱም ቀኑ ደርሶ መሲሑ ካልመጣ ሕዝቡ «እንግዲህ አይመጣም» ይላል። ይልቅ ዕንባቆምን ያስጠቅሳል፦ ቢዘገይም ታገሠው። የመካከለኛው ዘመን የአይሁድ ሊቅ ማይሞኒደስም ለየመን አይሁድ በጻፈው ደብዳቤ ማስላት ክልክል ነው ብሎ አጥብቆ ይመክራል። ከዚያ እዚያው ደብዳቤ ላይ ከአባቶቹ የወረሰውን አንድ ዓመት ሹክ ይላል። ኒውተንም እንደዚሁ። ፍጻሜውን 2060 ብሎ የጻፈው ወረቀት ኢየሩሳሌም ተቀምጧል፤ ከዚያ በፊት አይሆንም ያልኩት የግምተኞቹን አፍ ለማስያዝ ነው ይላል። አፍ ለማስያዝ ቁጥር መጨመር!

ታላላቆቹ እንዲህ ከሆኑ መ.ን ምን ልበለው? ደግሞ አንድ ነገር ከነከነኝ። እኔ ስሕተታቸውን እየለቀምኩ ነው ያመሸሁት። እነሱ ግን ይጠብቃሉ። መ. በየዓመቱ በመከር ሰሞን ሰማይ ያያል። እኔ «ይመጣል» እያልኩ ጸሎተ ሃይማኖት እደግማለሁ፤ ለቀጣዩ አሥር ዓመት ያቀድኩት ዕቅድ ውስጥ ግን እሱ የለም። ወይስ መቁጠርም ከመጠበቅ ማምለጫ ነው? ቀኑን የያዘ ሰው እስከ ቀኑ ድረስ ነፃ ነው፤ መትጋት የለበትም። አላውቅም። ሁለቱንም ይዤ ብዞር አልታረቁልኝም።

መ.ን ገና አልመለስኩለትም። ልመልስ ብዬ ነበር የተነሳሁት። ግን እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልሞክር አልኩ። ስቅለቱን ኤፕሪል 3 ቀን 33 ዓ.ም. የሚያደርጉ ሊቃውንት አሉ። ሆሴዕ 6፥2 «ከሁለት ቀን በኋላ» ይላል። ጴጥሮስ ደግሞ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነው ይላል። ሁለት ሺህ ስትጨምሩ 2033። ለማየት ያህል ብቻ የዚያን ዓመት የመለከት በዓል ፈለግኩ። ሴፕቴምበር 24 ነው፤ አርብ ማታ ይገባል፣ ቅዳሜ ይውላል።

ቅዳሜ መሆኑ ጥሩ ነው። ከሥራ ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም።