ምኞት በትዝታ ሲገዛ

በምናባዊ ልብ ወለድ ውስጥ ተምሳሌት የሚሞተው ደራሲው ወርቁን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ሰሙን ለይስሙላ ሲለብጥበት ነው። ዘንዶው ስግብግብነት፣ ጫካው ድንቁርና ይሆናል፤ መፍቻው የገባው አንባቢ ከዚያ በኋላ ገጽ የሚገልጥበት ምክንያት የለውም። ጀርመናዊው ሚካኤል ኤንዴ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው «የማያልቅ ታሪክ» ከዚህ ወጥመድ ያመለጠበት መንገድ ደጋግሞ ቢያዩት አይሰለችም።

ላይ ላዩን መፍቻው ቀላል ይመስላል። ባስቲያን የተባለ ብቸኛ ልጅ የሰረቀውን መጽሐፍ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሥር ተደብቆ ያነባል፤ መጽሐፉ ውስጥ ያለችውን የፋንታዚየንን ዓለም ደግሞ ባዶነት እየበላት ነው። ባዶነቱ ጨለማም ጉድጓድም አይደለም፤ ወደዚያ የተመለከተ ዓይኑ የጠፋ ይመስለዋል። «ማለም ሲቀር ምናብ ይሞታል» ብሎ መደምደም ይቻል ነበር። ኤንዴ ግን የሚቆረቁር ነገር ይጨምርበታል፦ ባዶነቱ የዋጣቸው ፍጡራን ወደ ሰዎች ዓለም ተሻግረው ውሸት ይሆናሉ፤ ሰው የማያስፈልገውን እንዲገዛ፣ የማያውቀውን እንዲጠላ ያደርጉታል። ተረት ሲናቅ ቦታውን የሚወርሰው እውነት አይደለም ማለት ነው።

ከመጽሐፉ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ፊልም የሚሸፍነው የመጽሐፉን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ለእኔ ቁም ነገሩ ያለው በቀረው ግማሽ ነው። ባስቲያን ፋንታዚየን ከገባ በኋላ፣ አንዱ የሌላውን ጭራ የነከሱ ሁለት እባቦች ያሉበት አውሪን የሚባል ጌጥ አንገቱ ላይ ያጠልቃል። የተመኘው ሁሉ ይሆንለታል፤ ዋጋው ትዝታ ነው። መልከ መልካም ሲሆን ቀድሞ ወፍራም ልጅ እንደነበረ ይረሳል። መርሳቱንም ስለሚረሳ ኪሳራው አይታወቀውም። ወደ ቤቱ የሚመለሰው ደግሞ በመመኘት ብቻ ነው፤ ትዝታው ያለቀበት ሰው መመኘት አይችልም።

ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። ስለ ሥልጣንም ሆነ ስለ ከንቱነት ስብከት የለም፤ ሕጉ ተቀምጧል፣ ልጁ በሕጉ ይኖራል። አንድን ተምሳሌት ለመፈተን ምልክቱን አውጥቶ ትርጉሙን በቦታው መተካት በቂ ነው። ታሪኩ ምንም ሳይጎድለው ከቀጠለ ምልክቱ ከመጀመሪያውም አያስፈልግም ነበር። የትዝታውን ዋጋ ግን ከዚህ መጽሐፍ ካወጡት ቀጣዩ ምዕራፍ አይራመድም።

ትዝታቸውን የጨረሱ ሰዎች የሚኖሩባት ከተማም አለች። አርጋክስ የሚባል ጦጣ ፊደል የተጻፈባቸው ዳይሶች ሰጥቷቸው ይወረውራሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ትርጉም የለሽ የፊደል ሰልፍ ነው፤ አንዳንዴ አንድ ቃል ይገጥማል። ለዘላለም ከተወረወረ ታሪክ ሁሉ በአጋጣሚ መውጣቱ አይቀርም ይላል ጦጣው። ትዝታ የሌለው ሰው ታሪክ መናገር ለምን እንደማይችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ትዕይንት አላውቅም።

እውነቱን ለመናገር ኤንዴም ይሰናከላል። ወደ መጨረሻው ላይ ባስቲያንን ቤቷ የምታስተናግደው እመቤት አዩኦላ ጉዞውን ቁጭ ብላ ስታብራራ ሰሙ ይሳሳል፤ ያን ክፍል ማሳጠር ይቻል ነበር። ከፋንታዚየን መውጫው በር ላይ ግን እንደገና ይነሳል። በመጽሐፉ ሁሉ ደራሲው የጎን ታሪክ ይጀምርና «ይህ ለሌላ ጊዜ ይቆይ» በሚል መንፈስ ያልፈዋል፤ አንባቢም ቀልድ ይመስለዋል። በሩ ላይ ባስቲያን የጀመራቸውን ታሪኮች ሁሉ ሳይጨርስ ማለፍ እንደማይችል ይነገረዋል። የሚያልፈው ወዳጁ አትሬዩ ዋስ ሆኖ ዕዳውን ስለሚረከብለት ነው።