ማኪያቶ የፈሰሰበት እጅ

ዛሬ ፒያሳ ከድሮ አስተማሪዬ ጋር ማኪያቶ ልንጠጣ ተቀመጥን። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብግነት ላይ ሲመራመሩ የኖሩ ሐኪም ናቸው። ብርጭቆው ተንሸራተተና እጃቸው ላይ ፈሰሰ። እኔ ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ ብድግ ስል እሳቸው እጃቸውን እያዩ ፈገግ! "እየው፣ ቀላ፣ ጋለ፣ ቀጥሎ ያብጣል። የኔ እንጀራ ይቺ ናት።" (ሰው ተቃጥሎ ሌክቸር ይጀምራል እንዴ?)

ብግነት ማለት እንዲህ እየቀላና እያበጠ ሰውነት ራሱን ሲከላከል ነው እንግዲህ። መስመር ሲስት ግን ሴፕሲስ ይሆናል፤ ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ራሱ ኩላሊቱንም ሳንባውንም ይጎዳል። በ2017 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም 11 ሚሊዮን ሰው በዚህ ሰበብ እንደሞተ ተገምቷል።

ልብ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ሞቅ አለ። በዚያው ዓመት ካንቶስ የተባለው ጥናት ወጣ። ሃርት አታክ ይዟቸው የተረፉ 10 ሺህ ያህል ሰዎች ላይ ነው የተሠራው። ኮሌስትሮል ሳይነካ ብግነትን ብቻ የሚያበርድ መርፌ በአንደኛው መጠን ዳግም ሃርት አታክ ወይም ስትሮክ የመያዝ ወይም በልብና በደም ሥር ሕመም የመሞት አደጋውን በ15 በመቶ ቀነሰ። ግን በኢንፌክሽን የሚሞተው ትንሽ ጨመረ።

"እሳቱን አጥፋ ብንለው ዘበኛውንም አስተኛው" አሉኝ።

"ታዲያ ምን ይሻላል ዶክተር?"

"ለጊዜው ሒሳብ ክፈል።"

ከፈልኩ። እጃቸው አሁንም ቀይ ነበር።