ገዳዩ በማይገድልበት ሰዓት

የሆረር ፊልም ወዳጆች ከተገናኙ ይቺ ክርክር አትቀርም። ከፊልም ገዳዮች ማን ይበልጣል? ማይክል ማየርስ ወይስ ኖርማን ቤትስ? ሃኒባል ሌክተር ወይስ አንቶን ቺገር? ብዙ ሰው የሚመዝናቸው በገደሉት ሰው ብዛትና በያዙት መሣሪያ ነው። የእኔ ሚዛን ሌላ ነው። ገዳዩ በማይገድልበት ሰዓት ምን ይሠራል? ፊልሙ ይህን ካሳየኝ ለቀናት ከአእምሮዬ አይወጣም። ካላሳየኝ ግን ደሙ እንደ ጎርፍ ቢወርድም ጠዋት ስነሳ ረስቼዋለሁ።

ከ«ሳይኮ»ው ገዳይ ከኖርማን ልጀምር። «ሳይኮ» ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ሻወር ውስጥ ስለምትገደለው ሴት ነው። አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው ፊልም ነው። ግድያው 45 ሰከንድ ገደማ ብትሆን ነው፤ ለመቅረጽ ግን አንድ ሳምንት ወስዳለች። ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ማንም አያውቅበትም። ድንቅ ሥራ ናት፣ አልክድም። እኔን የሚይዘኝ ግን ከዚያ የሚቀጥለው ነው።

ኖርማን መወልወያና ባልዲ ይዞ ይመጣል። አስከሬኑን በሻወሩ መጋረጃ ይጠቀልላል። እጁን ይታጠባል። ገንዳውን ያጥባል፣ ወለሉን ይወለውላል፣ ግድግዳውን በፎጣ ያብሳል። ለደቂቃዎች ሲያጸዳ ዝም ብለን እናየዋለን፤ አንድ ቃል አይነገርም። ከዚያ አስከሬኑንም ዕቃዋንም መኪናዋ ውስጥ ከትቶ ወደ ረግረጉ ይገፋዋል። መኪናው መስመጥ ይጀምርና ግማሽ ላይ ቀጥ ይላል። ኖርማን ግራ ቀኝ ያያል። እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ፤ «በቃ ስመጭ!» እላለሁ በልቤ። ቆም ብላችሁ አስቡት። ከደቂቃዎች በፊት አንዲት ሴት ስትታረድ አይተን አሁን የምንጨነቀው ለሚደብቃት ሰው ነው። ሂችኮክ ወደ ገዳዩ ወገን ያሻገረን በቢላዋ አይደለም፣ በመወልወያ ነው።

እዚህ ላይ ታላቅ እህቴን ማንሳት አለብኝ። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ናት። ሆረር አብረን ማየት ከጀመርን ቆይተናል፤ ፊልም እያቋረጠች ማስረዳት ትወዳለች። «ኖርማንን ከሌሎቹ ጋር አትደምሩት» ትለኛለች ሁልጊዜ። «እሱ እውነታው ራሱ ተናግቶበታል። የሌለች እናት ታናግረዋለች። ሳይኮፓት ግን ምን እንደሚሠራ አሳምሮ ያውቃል። የጎደለው ለሌላው ሰው የሚሰማው ስሜት ነው።» ልክ ናት። ሁለቱን መቀላቀል ጉዳት አለው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሌላውን ከሚያጠቁ ይልቅ ራሳቸው የሚጠቁበት አጋጣሚ ይበዛል። ፊልሞቹ ግን ለስንት ዓመት ከሆስፒታል ያመለጠ በሽተኛን እንደ አውሬ ሲያሳዩን ኖረዋል። ይህ በእውነት ያናድደኛል። በሥራዋ በየቀኑ የምታያቸው ሰዎች በዚህ ምክንያት ምን ያህል እንደሚሸሹ እህቴ ታውቃለች።

ማይክል ማየርስም ከሆስፒታል ያመለጠ ነው። ጆን ካርፔንተር እ.ኤ.አ. በ1978 «ሃሎዊን»ን የሠራው በጣም በትንሽ በጀት ነበር። ያቺ ታዋቂ ጭንብል ከሱቅ የተገዛች የ«ስታር ትሬክ» ካፒቴን ኪርክ ጭንብል ናት፤ ነጭ ቀለም ቀቧት፣ የዓይን ቀዳዳዋን አሰፉት፣ አለቀ። ባዶነቷ ነው የሚያስፈራው። ግን ማይክል ሰው አይደለም። በጥይት ተመትቶ ከሰገነት ይወድቃል፣ ተነስቶ ይሄዳል። በእኔ ሚዛን ነጥብ የሚያገኘው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ልጁን በቢላዋ ከሰቀለው በኋላ ቆሞ ያየዋል፤ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን። ሕፃን ልጅ የማያውቀውን ነገር ሲመለከት እንደዚያ ያደርጋል። ከዚያች ውጪ ማይክል ለእኔ ቆንጆ ማስደንገጫ ነው። የ«ፍራይዴይ ዘ ሰርቲንዝ»ን ጄሰንንም ከእሱ ጋር አስቀምጡልኝ። ስለ ጄሰን ብዙ የምለው የለኝም። ለነገሩ እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው የመጀመሪያው ፊልም ገዳይዋ እናቱ ናት፤ የሆኪ ጭንብሉም የመጣው በሦስተኛው ክፍል ነው።

ወደ ሌክተር እንምጣ። «ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ» እ.ኤ.አ. በ1991 ወጥቶ አምስቱን ትልልቅ ኦስካሮች ጠራርጎ ወስዷል። ሌክተርን የሚተውነው አንቶኒ ሆፕኪንስ የሚታየው ለትንሽ ጊዜ ነው፤ ፊልሙ ግን የእሱ ሆኖ ቀረ። ወጣቷ የኤፍቢአይ ሠልጣኝ በኮሪደሩ ስትመጣ ሌሎቹ እስረኞች ይጮኻሉ፣ ይቁነጠነጣሉ። እሱ ክፍሉ መሀል ቀጥ ብሎ ቆሞ ይጠብቃታል። ከዚያ ጥሩ ቦርሳዋንና ርካሽ ጫማዋን አይቶ ከየት እንደመጣች ይነግራታል። ትዕይንቱ ሲያልቅብኝ ይቆጨኛል። ቢሆንም ሌክተርን ከላይ አላስቀምጠውም። በጣም ብልህ፣ በጣም ጨዋ፣ በጣም አዋቂ ነው። ተመልካቹ ይወደዋል። ባለጌ ሰዎችን ስለሚቀጣልን ጭምር እንወደዋለን። ሰው የሚበላ ሰው እንዲህ ደስ ሊለን አይገባም ነበር።

እዚያው ፊልም ውስጥ ያለው ሌላኛው ገዳይ፣ ቡፋሎ ቢል፣ የበለጠ ያስፈራኛል። እጁን በጄሶ አስሮ ሶፋ መኪናው ላይ መጫን ያቃተው ይመስላል። አንዲት ልጅ ታዝንለትና ልርዳህ ትለዋለች። እጁን የታመመ መምሰልን ቴድ በንዲ የተባለው እውነተኛ ገዳይም ተጠቅሞበታል። ማጥመጃው የሰው ደግነት ነው። ሆረር ውስጥ ከዚህ በላይ የሚያመኝ ነገር የለም።

ሁለት የቤልጂየም የሥነ አእምሮ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት አለ። 400 ፊልሞችን አይተው 126 ሳይኮፓት ገጸ ባሕርያትን ለይተዋል። ለእውነታው ቅርብ ካሏቸው መካከል አንቶን ቺገር አለበት። «ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜን» በጥብቅ ሆረር ላይባል ይችላል፤ እኔ ግን እጨምረዋለሁ። ነዳጅ ማደያው ላይ ያለውን ትዕይንት አስታውሱት። ሽማግሌው ባለሱቅ እንደ ማንኛውም ሰው ወሬ ለመጀመር ብሎ ስለ አየሩ ይጠይቀዋል። ቺገር የበላበትን ላስቲክ ጨምድዶ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጠዋል። ላስቲኩ ቀስ እያለ ይፈታታል፣ ድምፁም ይሰማል። ከዚያ ሳንቲም አውጥቶ ይወረውርና በየትኛው ጎን እንደወደቀች ገምት ይለዋል። በ1958 የተሠራች ናት፤ 22 ዓመት ተጉዛ እዚህ ደረሰች ይለዋል። ሽማግሌው የሚወራረደው በሕይወቱ እንደሆነ አይነገረውም። ፊቱ ላይ ግን ቀስ በቀስ ሲገባው እናያለን። ማንም አይሞትም። ግን ከስንት ፊልም እልቂት በላይ ያቺ ላስቲክ አስጨንቃኛለች።

ከሁሉም የማስቀድመው ግን ብዙ ሰው ያላየውን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውን የጆርጅ ስላውዘር «ስፖርሎስ»። ገዳዩ ሬሞን የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች አሉት። ፊልሙ ማንነቱን አይደብቀንም። ይልቁንም ሲለማመድ ያሳየናል። ክሎሮፎርም ራሱ ላይ ሞክሮ ለስንት ደቂቃ እንደሚያስተኛ ይመዘግባል። ሴት መኪና ውስጥ የሚያስገባበትን ንግግርና እንቅስቃሴ ብቻውን ይደጋግማል፣ ከዚያ የልብ ምቱን ይለካል። አንድ ቀን ከከተማ ውጪ ባለው ቤታቸው ልጁ ሸረሪት አይታ ትጮኻለች። እሱም ሁሉም እንዲጮኹ ያደርጋል፤ ቤተሰቡ እየሳቀ ይጮኻል። በኋላ ጎረቤቱን ድምፅ ሰምቶ እንደሆነ ይጠይቀዋል። እሱም እንደ ቡፋሎ ቢል የተጎዳ መስሎ እርዳታ ይለምናል።

እህቴ ይህን ፊልም አንዴም አቋርጣ አላስረዳችም። ሲያልቅ «ይሄኛው አዎ» ብቻ ነው ያለችው።

ልታዩት ከፈለጋችሁ አንድ አደራ አለኝ። ስላውዘር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1993 በእንግሊዝኛ መልሶ ሠርቶታል፤ ጄፍ ብሪጅስ ነው የሚተውንበት። እሱን ተዉት። መጨረሻውን ለተመልካች እንዲመች ብለው ቀይረውታል፣ ፊልሙን ፊልም ያደረገው ደግሞ ያ መጨረሻ ነው። የ1988ቱን ፈልጉ፤ ስለ ፍጻሜው ምንም ሳታነቡ እዩት።