ነጩ አረፋ ቆሻሻ አልነበረም

የሐዋሳ አቧራ ተራ አፈር አይደለም። ከተማዋ የተቀመጠችው በጥንት እሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ስለሆነ ከኮብልስቶኑ ወጣ ሲባል የሚነሣው አቧራ ደቃቅ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ አለበት። ከካቴና በተረጨ ዘይት ላይ ሲያርፍ የብርጭቆ ወረቀት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ሞተር ሳይክል በደረቅ ጨርቅ አይወለወልም። ቀለሙን የሚፍቀው ከጨርቁ ሥር ያለው አሸዋ ነው።

ያጸዳሁት ሁለት ክረምት ሻሲው ያልተነካ ባለ 150 ሲሲ ቦክሰር ነው። ላቫጆ አልወሰድኩትም፤ አሁንም አልወስድም። በግፊት የሚወጣ ውሃ የመሪውን አንገትና የጎማዎቹን ኩሽኔታ ማሸጊያ አልፎ ይገባል፣ ግሪሱን ያጥብና በቦታው ይቀራል። ላዩ ሲያብረቀርቅ ውስጡ ይዝጋል። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃና አንድ ጣሳ ይበቃል። ሐይቅ ዳር ማጠብማ አይታሰብ፤ የሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለውም፣ የጣላችሁት ዘይት እዚያው ከዓሣው ጋር ይቀመጣል።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። መቀመጫውንና የጎን ሽፋኖቹን ማውጣት፣ ከባትሪው መጀመሪያ ነጌቲቩን መፍታት፣ የማርሚታውን አፍና የአየር ማጣሪያውን መግቢያ በፌስታል ማሰር። የኋላውን ከበሮ ፍሬንም በፌስታል ጠቅልሉት፤ የፍሬን ሸራ ዘይት ከጠጣ መቀየር እንጂ ማጠብ አያድነውም።

የሞተሩ መመሪያ «ለስላሳ ሳሙናና ውሃ» ይላል። ለሳምንት አቧራ ልክ ነው። ሁለት ዓመት የተጋገረ ዘይትና አሸዋን ግን ሳሙና ላዩን አርሶት ይመለሳል። እኔ የምጠቀመው ላምባ ነው፤ ለሻሲው በሙሉ ግማሽ ሊትር በቃኝ። ቤንዚን አይሆንም። ቆሻሻውን ሳያላቅቅ ተንኖ ያልቃል፣ እንፋሎቱም በማንኛውም ብልጭታ ይያያዛል። ላምባውን በቀለም ብሩሽ ቀብቶ 10 ደቂቃ መተው፣ ወፍራሙን በእንጨት መፋቅ፣ የብየዳ ጥጋጥጉን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መፈግፈግ። ከዚያ ንጹሕ ውሃ ለማፍሰስ አትቸኩሉ፤ ዘይቱን ከቦታ ቦታ ያዘዋውረዋል እንጂ አያወርደውም። መጀመሪያ በ5 ሊትር ውሃ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ላርጎ በጥብጦ በላዩ መፈግፈግ ነው። ወተት ሲመስል ዘይቱ ለቅቋል፤ ያኔ ይታጠባል።

ብዙ ሰው የሚያልፈው የፒኞኑን፣ ማለትም ካቴናውን የሚያዞረውን የፊት ጥርስ፣ ክዳን ነው። ፈትታችሁ ካላያችሁት ሞተሩ አልታጠበም። ከእኔው የወጣው ጥቁር ጭቃ ሁለት እፍኝ ይሆናል። ሽቦ ስለሚያልፍበት በካቻቪቴ አትፈልቅቁት።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። የተበላሸው ኢንጂኑ ላይ ነው።

በኢንጂኑ የማቀዝቀዣ ክንፎች መካከል የተጋገረው ዘይት በላምባ ቀስ እያለ ይለቅ ነበር፤ ሌላ አንድ ሰዓት ትዕግሥት ቢኖረኝ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ከአንድ ሱቅ «የሞተር ማጠቢያ» ተብሎ በውሃ ፕላስቲክ የተሞላ፣ ምንም ያልተጻፈበት ፈሳሽ ገዛሁ። ምን እንዳለበት ስጠይቅ መልሱ «ሁሉም የሚወስደው ነው» የሚል ነበር። እንደዚህ ዓይነት መልስ ሰምቶ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው የሚገባውን ያገኛል።

ኮስቲክ ሶዳ ነበር፤ ሳሙና የሚሠራበት። ኢንጂኑ ለብ እንዳለ ቀባሁት። ደቂቃ ሳይሞላ እየተንሿሿ ነጭ አረፋ አወጣ። ቆሻሻው እየለቀቀ ነው ብዬ 10 ደቂቃ ተውኩት። ያ አረፋ ሃይድሮጅን ነው፤ ኮስቲኩ አሉሚኒየሙን ሲበላ የሚወጣ ጋዝ። ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ሳጥበው ብርማ የነበረው የኢንጂን ክዳን የከሰል ድስት መስሏል። ጥቁሩ ጥላሸት ስላልሆነ በሳሙና አይለቅም፤ አሉሚኒየሙ ሲሟሟ የማይሟሟው ሲሊከንና መዳብ ላዩ ላይ ቀርቶ ነው። ወደ ሻሲው የወረደው ቀለሙን እንደ ቃጠሎ ውሃ አስቋጠረው። የቡሎኖቹን ነጭ ልባስም በላው፤ ዚንክ ስለሆነ እሱም በኮስቲክ ይሟሟል። በሳምንቱ ሁሉም ዝገው አየኋቸው።

ያዳነኝን ያህል ያዳነኝ አቼቶ ነው። መጀመሪያ ብዙ ውሃ፣ ከዚያ አንድ እጅ አቼቶ በሁለት እጅ ውሃ፣ በብሩሽ ማዳረስ፣ ደግሞ ውሃ። ይሄ በክንፎቹ ሥር የቀረውን ኮስቲክ ያበርደዋል እንጂ ጥቁሩን አያነሣም። ጥቁሩ የተነሣው በአረንጓዴው ሻካራ የዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ በመፈግፈግ ነው፣ ያውም ግራጫ ሆኖ። የፋብሪካው ብርማ መልክ አይመለስም።

ስም የለሽ ፈሳሽ ከመቀባታችሁ በፊት አንድ ጠብታ በአሉሚኒየም ፎይል ላይ ጣሉና አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ካረፋ ወይም ከጠቆረ ለኢንጂን አይሆንም። በጣት አትሞክሩት፤ ያሟልጫል፣ የሚያሟልጨውም ቆዳችሁን ወደ ሳሙና እየቀየረ ስለሆነ ነው። በረኪናም እንዲሁ ከብረት ይራቅ፤ ቅባት አያነሣም፣ ዝገት ግን ይጠራል።

ጣጣው በመልክ ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር። የኢንጂን ቁጥሩ የተመታው እዚያው አሉሚኒየም ላይ ነው። ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ መርማሪው በጥቁሩ ውስጥ ማንበብ አልቻለም። እስከዚያ እውነቱን ነው። ከዚያ ግን «በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገህ አምጣው» አለኝ። ይህን ምክር የሰማ ሰው ለዓመታት ይከፍልበታል። የተፈገፈገ ቁጥር የተነካካ ቁጥር ነው የሚመስለው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መርማሪ «ማን ቀየረው?» ቢል ያኛው መጥቶ አይመሰክርላችሁም። የሻሲ ቁጥርም እንዲሁ፤ ላምባና የጥርስ ብሩሽ፣ ከዚያ አይለፍ። እኔ የተጠቀምኩት ነጭ ጠመኔ ነው። ቁጥሩ ላይ በጎኑ አሸት አድርጎ ላዩን በጣት ጠረግ ሲያደርጉት ዱቄቱ በጎድጓዳው ብቻ ይቀራል፤ እያንዳንዱ አኃዝ በጥቁሩ ላይ ነጭ ሆኖ ቁልጭ ይላል። በዚያው ጠመኔ አለፈ።

የሻሲው ዝገት አያስቸግርም። ቀለሙ የተላጠበትን በ120 ቁጥር፣ ቀጥሎ በ240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ማሸት፣ በቲነር መጥረግ፣ በዚያው ቀን አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) መቀባት። ካደረ መልሶ ይዝጋል። በክሮም ላይ ላለ ዝገት ፎይል ጠቅልሎ በውሃ እያረጠቡ ማሸት ይበቃል፤ አሉሚኒየም ከክሮም ስለሚለሰልስ አይቧጭርም። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ግን ይቧጭራል።

የቆሸሸውን ላምባ አትድፉት። በተቆረጠ ጀሪካን ሲያድር አሸዋው ይዘቅጣል፤ የላዩ ለቀጣዩ የካቴና እጥበት ይሆናል።

ሲደርቅ ካቴናውን 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት አጠጡት። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ሜትሮች ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ በመያዝ አድርቁት። ከዚያ ኢንጂኑ ሲቀዘቅዝ የሕፃን ፓውደር በመጋጠሚያዎቹ ዙሪያ ነስንሳችሁ 5 ኪሎ ሜትር ንዱ። ዘይት የሚያፈስበት ቦታ ዱቄቱ ይጠቁራል። የእኔው የጠቆረው በማርሽ መቀየሪያው ዘንግ ዙሪያ፣ የአንድ ብር ሳንቲም በምታህል ቦታ ነው። ሁለት ዓመት ያን ሁሉ አቧራ የያዘው ዘይት የሚመጣው ከዚያች ካረጀች ኦይል ሲል፣ ከዘንጉ ዙሪያ ዘይት ከምታግደው ቀለበት፣ ነበር።